ዓሣ በማንኪያ ይጠመዳል እንዴ?

«ያ ድምፅ ምንድን ነው?» አለችኝ እናቴ በስልክ።

«የቱ?»

«ወፍ ነው እኮ የሚጮኸው። ሥራ ላይ ነኝ አላልከኝም? ሐይቅ ዳር ነህ እንዴ?»

እናቴ ሐዋሳ ተወልዳ ሐዋሳ ያደገች ሴት ናት። የውሃ ወፍ ድምፅ ከእሷ ጆሮ አያመልጥም። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በርክ ሌክ በሚባል ሐይቅ ዳር፣ በአንድ እጄ ስልክ በሌላው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዤ፣ ጫማዬ ጭቃ ጠጥቶ፣ «ሥራ ላይ ነኝ» እያልኩ እየዋሸኋት ነበር።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ኢኮኖሚክስ ነው የተመረቅኩት። ከተመረቅኩ በኋላ እንደ ብዙዎቻችሁ ሲቪ ይዤ ስዞር ከርሜ ዲቪ ደረሰኝና አሜሪካ ገባሁ። እዚህ ያገኘሁት ሥራ አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው። ሣጥን ማንሳት፣ ሣጥን ማስቀመጥ፣ ስካን ማድረግ። የፈረንጆች ገና ሲደርስ ሥራው እንደ ጉድ ይበዛል፤ ገና ሲያልፍ ደግሞ ይቀዘቅዛል። በሳምንት አምስት ሌሊት የነበረው ወደ ሁለት ወረደብኝ። የቤት ኪራዩ ግን አልወረደም። ለእናቴ የምልከው፣ ለታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤት የምከፍለውም እንዲሁ። ሰዓት እንደተቀነሰብኝ ለእናቴ መናገር አልቻልኩም። «ልጄ አሜሪካ ሥራ አጣ» ከማለት «ልጄ ሥራ በዝቶበት አይደውልም» ማለት ለእሷ ይቀላል ብዬ ወሰንኩ። ማን ጠይቆኝ እንደወሰንኩ እንጃ!

ቀን ቀን የምሄድበት አልነበረኝም። አፓርታማው መኪና ማቆሚያ ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስልኬን እጎረጉራለሁ። አንድ ቀን ጠዋት መስኮቱ ተንኳኳ። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ የሚኖሩ አባት ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም ጋሼ እንበላቸው። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው አርፈዋል፤ ልጆቻቸው ሌላ ስቴት ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ቤንዚን እያቃጠልክ ምን ታስባለህ? ና ተከተለኝ» አሉኝ።

ተከተልኳቸው። በርክ ሌክ ደረስን። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከኢትዮጵያ ወደ ዋሽንግተን የበረረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የደለስ አየር ማረፊያ መጀመሪያ ሊሠራ የታሰበው እዚሁ በርክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 መንግሥት «እዚህ ነው የምሠራው» ብሎ መሬት መግዛት ጀመረ፤ የአካባቢው ሰው አሻፈረኝ አለ፤ በመጨረሻ አየር ማረፊያው ወደ ሻንቲሊ ሄዶ በ1962 ተከፈተ። አውሮፕላን ሊያርፍበት ከነበረው መሬት የተወሰነው ላይ ውሃ ተገድቦ ሐይቅ ሆነ። 88 ሄክታር ገደማ ነው። ከእኛ ሐዋሳ ጋር ሲተያይ ኩሬ በሉት። የቤንዚን ሞተር ስለማይፈቀድ ግን ጸጥ ያለ ነው፤ በኤሌክትሪክ ሞተር ወይ በመቅዘፊያ ብቻ ነው ጀልባ የሚሄድበት።

ጋሼ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ከፈቱ። እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኛ! ትል ነው የጠበቅኩት። ልጅ ሆነን አሞራ ገደል አካባቢ ቆሮሶ ስናጠምድ ትል ቆፍረን፣ መንጠቆ ላይ ሰክተን ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ግን ትል የለም። የጆሮ ጌጥ ነው የመሰለኝ፦ የሚያብረቀርቅ ብር፣ ወርቅ፣ መዳብ፣ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት፣ ጭራው ላይ ላባ ያለው።

«ጋሼ፣ ትሉስ?»

«ትል ምን ያደርጋል? በማንኪያ ነው የምናጠምደው።»

ቀልድ መሰለኝ። ቀልድ አይደለም። ስሙም «ስፑን» ነው፣ ማንኪያ። እጀታው የተቆረጠ የሻይ ማንኪያ በሉት። ፈረንጆቹ የሚያወሩት ታሪክ አለ፦ ጁሊዮ ቡዌል የሚባል የቬርሞንት ሰው ሐይቅ ላይ ጀልባው ውስጥ ምሳ ሲበላ ማንኪያው ከእጁ አምልጦ ውሃ ውስጥ ወደቀ፤ እያብለጨለጨ ሲሰምጥ አንድ ትልቅ ዓሣ መጥቶ ላፍ አደረገው። ሰውዬው ቤቱ ገብቶ የእናቱን ይሁን የሚስቱን ማንኪያ ቆርጦ መንጠቆ ገጠመበት ይባላል። የማንኪያው ወሬ ሲነገር ሲነገር ያማረ ሊሆን ይችላል። ቡዌል እ.ኤ.አ. በ1852 በብረት ማታለያ የፈጠራ መብት ማስመዝገቡ ግን የታወቀ ነው።

ሌላኛው ዓይነት «ስፒነር» ይባላል። ቀጭን ሽቦ አለው፤ ሽቦው ላይ ትንሽ የብረት ቅጠል አለች፤ ክሩን ስትስቡት ቅጠሏ በሽቦው ዙሪያ እንደ ፋን ትሽከረከራለች። ሜፕስ የሚባለው ታዋቂው ስፒነር እ.ኤ.አ. በ1938 ፈረንሳይ ውስጥ የተፈጠረ ነው። እስካሁን በየሱቁ አለ።

የምናጠምደው ዓሣ ክራፒ ይባላል። «ክሮፒ» የሚሉም አሉ። እኔ በመጀመሪያው ቀን በእንግሊዝኛ ስድብ በሚመስል መንገድ ጠርቼው አጠገባችን የነበሩ አሜሪካውያን ሳቁብኝ። ሉዊዚያና ደግሞ ሌላ ስም አለው፣ «ሳካሌ» ይሉታል፤ በፈረንሳይኛ ሲሰማ «የወተት ከረጢት» እንደማለት ነው። ሁለት ዓይነት ነው፣ ነጭና ጥቁር። ሁለቱም ብርማ ናቸው፤ ነጩ በጎኑ ወደ ታች የወረዱ ጥቋቁር መስመሮች አሉት፣ ጥቁሩ ነጥቦቹ ዝም ብለው የተበተኑ ናቸው። ከጎን ሲታይ ጠፍጣፋና ሰፊ ነው፤ አብዛኛው ከመዳፍ ትንሽ የሚተልቅ። ግዙፍ ዓሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 ሚሲሲፒ ውስጥ ተይዞ ሪከርድ የሆነው ነጭ ክራፒ ራሱ 2 ኪሎ ከ350 ግራም ገደማ ነው። ሥጋው ግን ነጭ፣ ስስ፣ ጣፋጭ። አሜሪካውያን የሚወዱት ለዚህ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አንድም አልያዝኩም። ጋሼ ሰባት ያዙ። አብረን ቆመን፣ አንድ ውሃ፣ አንድ ዓይነት ብረት! ሰባት ለዜሮ።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራቸውና ዘንጋቸውን አውሰውኝ ብቻዬን ሄድኩ። ሰዓት ሳይቆይ ዩኒፎርም የለበሰ፣ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው መጣ። የዓሣና የዱር እንስሳት ጉዳይ የሚቆጣጠር መኮንን ነው። «ፈቃድህን አሳየኝ» አለ። ምን ፈቃድ? ሐዋሳ ዓሣ ለማጥመድ የወንድሜን ፈቃድ እንኳ ጠይቄ አላውቅም! በአንድ ሰከንድ ውስጥ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለፈው ነገር፦ ግሪን ካርዴ፣ ፍርድ ቤት፣ እናቴ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሰውዬው አየኝና «ስንት ቀንህ ነው?» አለኝ። «ሦስተኛ» አልኩት። ስልክህን አውጣ አለና የት ገብቼ እንደምገዛ አሳየኝ። እዚያው ቆሜ የአንድ ዓመት የንጹህ ውሃ ፈቃድ 23 ዶላር ከፍዬ ገዛሁ። በቀን ከ25 ክራፒ በላይ መውሰድ እንደማይቻልም ነገረኝ። ሃያ አምስት! እኔ አንድ አልያዝኩም። ቅጣት ሳይጽፍ ሄደ። ሌላው እንደዚህ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ዘንግ ሳትገዙ ፈቃድ ግዙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዓሣ ብረት ለምን ይጎርሳል?

ክራፒ የሚበላው ትናንሽ ዓሣዎችንና ነፍሳትን ነው። ትንሽ ዓሣ ስትዋኝ ሁለት ነገር ታደርጋለች። ቅርፊቷ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ጅራቷ ደግሞ ውሃውን ያንቀጠቅጣል። ዓሣ ደግሞ በጎኑ፣ ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ ንዝረት የሚሰማበት መስመር አለው። በጨለማም፣ በድፍርስ ውሃም «እዚህ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ» ብሎ ያውቃል። ስፒነር ሁለቱንም ይሰጠዋል፣ ብልጭታና ንዝረት። ማንኪያው ደግሞ ሲሰምጥ ወዲያና ወዲህ እየተንገዳገደ የቆሰለ ዓሣ ይመስላል። ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። ዓሣው የሚታለለው ለአንዲት አፍታ ነው፤ እጅ ስለሌለው ነገሩን የሚመረምረው በአፉ ነው። እናንተ ያቺን አፍታ ነው የምትፈልጉት።

የቅጠሏ ቅርጽ ለውጥ ያመጣል። ክቧ፣ ኮሎራዶ የሚሏት፣ ውሃውን በደንብ ስለምትገፋ ቀስ ብላችሁ ብትስቡም ትዞራለች፣ ንዝረቷም ከባድ ነው። ረጅሟና ቀጭኗ የአኻያ ቅጠል የምትመስለው ፈጠን ያለ ይፈልጋል፣ ብልጭታዋ ያይላል። ለክራፒ እኔ ክቧን ነው የምመርጠው፤ ምክንያቱም ክራፒ ሰነፍ ነው። አያሳድድም። ውሃው ድፍርስ ሲሆን ወርቃማ፣ ጥርት ሲል ብርማ። ክብደቱ ትንሽ ይሁን፣ ከ1 እስከ 3 ግራም ተኩል። ይህን ቀላል ነገር ለመወርወር ቀጭን ዘንግና 4 ወይም 6 ፓውንድ የሚሸከም ቀጭን ክር ያስፈልጋል። ስፒነር ክሩን እየጠመዘዘ ስለሚያበላሽ ስዊቭል የምትባለውን ትንሽ መዞሪያ መሃል ላይ ማሰር አይረሳ። እኔ ረስቼ ግማሽ ቀን ሙሉ ክር ስፈታ ዋልኩ።

የጋሼን ሚስጥር ያገኘሁት ግን ብረቱን ሳይሆን ከንፈራቸውን ሳይ ነው። ይቆጥሩ ነበር። ወርውረው ወዲያው አይስቡም። «አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት...» ብረቱ እየሰመጠ ነው። አምስት ላይ መሳብ ይጀምራሉ። በሚቀጥለው ስድስት። ዓሣ የመታው ስድስት ላይ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ውርወራ ሁሉ ስድስት ነው።

«ለምን ጋሼ?» አልኳቸው።

«ክራፒ መንጋ ነው፣ የኔ ልጅ። አንዱ ያለበት ጥልቀት ላይ ሌሎቹም አሉ። ደግሞ ዓይኑ ወደ ላይ ነው የሚያየው። ከበላዩ ካሳለፍክለት ይመጣል፤ ከሥሩ ካሳለፍክበት አያይህም።»

እኔ ሁልጊዜ ብረቱን መሬት እስኪነካ አሰምጠው ነበር። ለሦስት ቀን ሙሉ ከዓሣዎቹ ሆድ ሥር ነው የሠራሁት።

ሌላም አለ። መጀመሪያ ሲነክስልኝ በደስታ ዘንጉን ወደ ላይ መነጨቅኩት። ክሩ ቀለለ። ሄደ። ሁለተኛውም ሄደ። የክራፒ አፍ ስስ ነው፤ «የወረቀት አፍ» የሚል ቅጽል ስም ያገኘው ለዚህ ነው። ስትመነጭቁት ይቀደዳል። ክብደቱ ሲሰማችሁ ዝም ብላችሁ መሳባችሁን መቀጠል ነው፤ ዳር ሲደርስ በመረብ ማንሳት።

ቦታ ደግሞ ወሳኝ ነው። ፀደይ ላይ ውሃው 16፣ 18 ዲግሪ ሲደርስ ክራፒ እንቁላል ለመጣል ወደ ዳር ይመጣል። የወደቀ ዛፍ፣ ቁጥቋጦ፣ የጀልባ ማቆሚያ ሥር ይሰበሰባል። ከዳር ቆሞ ለሚያጠምድ እንደኔ ላለ ሰው ወቅቱ ይሄ ነው። በጋ ሲመጣ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ክረምት ላይ ጀልባ ያለው ሰው ማንኪያዋን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ጥሎ፣ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይለቃታል፤ ንክሻው የሚመጣው ስትወድቅ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ብረት ሁልጊዜ አያሸንፍም። ብዙ የክራፒ ሰዎች የሚምሉት በሕይወት ባለ ትንሽ ዓሣ ወይም «ጂግ» በሚሉት፣ ራሱ ከበድ ያለ ለስላሳ ጭራ ባለው መንጠቆ ነው። ብርድ በድንገት ገብቶ ዓሣው አፉን ሲዘጋ ብረቴን ዞር ብሎ አያየውም። ብረት የሚበልጠው ስትፈልጉ ነው፤ ዓሣው የት እንዳለ ሳታውቁ፣ ነፋስ ሲኖር፣ ውሃው ሲደፈርስ። ቶሎ ቶሎ ብዙ ቦታ ያስሳል። ጂጉን ከምትሽከረከር ትንሽ ቅጠል ጋር ያዋሃደ «ሮድ ረነር» የሚባል አለ፤ አንድ ብቻ ግዛ ብትሉኝ እሱን ነው የምገዛው።

ኢኮኖሚክስ ተምሬ ደብተር ሳልይዝ አልቀርም። ያዝኩ። በሕይወት ያለው ትንሽ ዓሣ በየጉዞው የሚገዛ ነው፣ አንድ ደርዘኑን 5 ዶላር ገዝቼ አውቃለሁ፤ ሲሞት ይጣላል። ተለዋዋጭ ወጪ ማለት ነው። ብረት አንዴ ይገዛል፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። በወረቀት ላይ ብረት ያዋጣል። ወረቀቱ የማያውቀው የወደቀውን ዛፍ ነው! ክራፒ የሚወደው ቅርንጫፍ መሃል፣ መንጠቆም የሚወደው ቅርንጫፍ። የመጀመሪያው ወር ሒሳቤ፦ 11 ብረት ዛፍ ላይ ቀረ፣ 41 ዶላር። የያዝኩት ዓሣ ዘጠኝ። አንዱ ዓሣ ከ4 ዶላር ተኩል በላይ፣ ቤንዚንና ፈቃድ ሳይቆጠር። ሱፐርማርኬት ሄጄ መግዛት ይሻለኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ባለ ሦስት ጥርሱን መንጠቆ አውጥቼ በባለ አንድ ቀየርኩት። የጠፋው ሦስት ብረት፣ 11 ዶላር፤ የያዝኩት 62። አንዱ 18 ሳንቲም።

ደብተሩ ላይ ባዶ የቀረ አንድ መስመር ነበር። «ጊዜህን ሌላ ነገር ላይ ብታውለው ስንት ታገኝ ነበር?» የሚለው። ትምህርት ቤት በጣም የምወደው ጥያቄ ነበር። ያን ጊዜ መልሱ ዜሮ ነው፤ ሌላ የሚፈልገኝ ሰው አልነበረማ። ዜሮውን መጻፍ ከበደኝና ክፍት ተውኩት።

የፀደዩ ክራፒ የሚበዛበት ጊዜ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል። ጋሼ በጾም ዓሣ አይበሉም። ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ «ዓሣ ምን አለበት?» ባይ ናቸው። በዚህ ጉዳይ ሁለቱ ደረጃው ላይ ቆመው ሲከራከሩ ጣልቃ መግባት ጤና አይደለም። ጋሼ ያጠመዱትን ሁሉ ለእሳቸው ይሰጣሉ፤ እሳቸው ዱለት ያደርጉታል፤ ከዱለቱ ለእኔ ይደርሰኛል። ሁለት ሌሊት ብቻ በምሠራበት በዚያ ፀደይ እውነቱን ልንገራችሁና ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ብዙ ሳምንት ከዓሣ ሌላ የረባ ነገር አልነበረም።

እናቴ የደወለችው ያኔ ነው።

«ሐይቅ ዳር ነህ እንዴ?» አለች። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ወፉ ድምፅ ለየችው።

«ሥራ የለህም?»

«ትንሽ ቀንሰውብኛል እማ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥር።»

ሚያዝያ ላይ ነን። ቆጠረች መሰለኝ። እንደ ጋሼ በከንፈሯ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀች፦ «ምን ያዝክ?»

«አራት።»

«በምን?»

«በማንኪያ።»

ሳቀች። ረጅም ሳቅ። ከሳቋ በኋላ «የዚህን ወር አትላክ፤ የወንድምህን እኔ እከፍላለሁ። ደግሞ ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ» ብላ ዘጋችው። ዘንጉን መሬት አስቀምጬ ለትንሽ ጊዜ ተቀመጥኩ። ጋሼ አዩኝ፣ ምንም አልጠየቁኝም፤ ከእኔ ራቅ ብለው መወርወራቸውን ቀጠሉ።

አሁን የቀን ሥራ አለኝ፤ በርክ የምሄደው ቅዳሜ ነው። ባለፈው ወደ ሐዋሳ የሚሄድ ሰው ሳገኝ ለወንድሜ ሦስት ስፒነር ላክሁለት። ሦስት ቀን ሙሉ ወርውሮ ቆሮሶው ዞር ብሎ እንዳላየው በቪዲዮ እየተሳደበ ነገረኝ። ረስቼው ነው እንጂ ቆሮሶ በዋናነት አልጌ ነው የሚበላው፤ ብልጭታ ምን ያደርግለታል? «ያንተ ማንኪያ ሻይ ይማሰልበት፣ ትል ይሻለኛል» አለኝ። በአራተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ሌላ መልእክት ላከ። ቪዲዮ የለውም፣ ድምፅ ብቻ፣ እያለከለከ፦

«አምባዛ ነው! ወሰደው! ክሩን በጥሶ ከነብረቱ ሄደ። ስማ፣ ወፍራም ክር ጨምረህ ሌላ ላክልኝ።»